የአልጋነሽ የውኃ ሣር

የገንዳ ተክል የመንከባከብ ሥራ በጀመርኩበት ቀን ወልድያ ከተማ በአቶ ሙላት ሳሎን ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። የቤቱ ባለቤት አቶ ሙላት በመስኮቱና በመስታወቱ የዓሣ ገንዳ መካከል ቆመዋል። ታላቅ እህታቸው ወይዘሮ ደብሬ ጓዳው በር ላይ ሆነው እርጥብ እጃቸውን በሽርጣቸው ይጠርጋሉ። የዓሣ ባለሙያው ሰይድ ገንዳው ፊት ተንበርክኳል። እኔ ጫማዬን በር ላይ አውልቄ የምንጣፉ ጫፍ ላይ ቆሜያለሁ።

ግድግዳው ላይ ጥቁር ሪባን የታሰረበት የሴት ፎቶግራፍ ነበር። የአቶ ሙላት ባለቤት ወይዘሮ አልጋነሽ ናቸው። የአርባ ቀን ተዝካራቸው የወጣው በዚያው ሰሞን ነው።

ጠጠሩ ነጭ፣ ውኃው ጥርት ያለ ነበር። ሁለት ወርቃማ ዓሣዎች ይዋኛሉ። ተክሎቹ ግን ሁሉም ተነቅለው ላይ ተንሳፍፈዋል፤ ታጥቦ በሳፋ እንደተቀመጠ ጎመን።

«ማን ነቀላቸው?» አልኩ።

አቶ ሙላት ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ ደብሬ። «ለተዝካሩ ቤቱን ከጣሪያ እስከ ወለል አጠብኩ። ያ ሁሉ ሰው ሲመጣ ጠጠሩ አረንጓዴ ሆኖ ይጠብቀው? አልጋዬ በንጽህና የታወቀች ሴት ናት። ጠጠሩን አወጣሁና በወንፊት አድርጌ እንደ ስንዴ አጠብኩት።»

«በሳሙና?» አለ ሰይድ ከመሬት ቀና ብሎ።

«ታዲያ በምን ሊታጠብ ነው? ደጋግሜ አለቅልቄዋለሁ።»

«ዓሣዎቹስ?»

«ባልዲ ውስጥ ነበሩ። ምነው፣ እነሱንም ማሸት ነበረብኝ?»

ሰይድ ሳቁን ለመደበቅ አፉን በክንዱ ሸፈነ። አቶ ሙላት አልሳቁም።

በዚያ ቀን የተነገረኝ ይህ ነው። ወይዘሮ አልጋነሽ መምህርት ነበሩ። ያደጉት መርሳ ነው። ጡረታ ሲወጡ ይህን ገንዳ ገዙ፤ ተክሉን ደግሞ ከልጅነታቸው ወንዝ፣ ከመርሳ በታች ካለች ቀስ ብላ ከምትሄድ ውኃ ዳር ራሳቸው ነቅለው አመጡ። ቅጠሉ እንደ ሪባን ቀጭንና ረጅም ነው። በአማርኛ ስሙን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም፤ በዚያ ቤት የውኃ ሣር ይሉታል። ያቺ ውኃ ዛሬ በሲሚንቶ ቦይ ነው የምትሄደው። ዳሯ ላይ ሣር የለም።

ሰይድ፣ «ጋሼ፣ ከሐይቅ በኩል ተመሳሳዩን ላመጣልዎት እችላለሁ» አላቸው።

«ሌላማ ሞልቷል» አሉ አቶ ሙላት። «እሷ የተከለችው ግን ይኸው ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ሥር ይይዛል ወይ?» አሉኝ።

«አላውቅም» አልኩ። እውነቱ ያ ነበር።

እኔ የችግኝ ሠራተኛ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ መርሳ አጠገብ ባለ የችግኝ ጣቢያ በቀን ሠራተኛነት ገባሁ። መጀመሪያ ፕላስቲክ በአፈር መሙላት፣ ቀጥሎ ችግኝ ከመደብ ወደ ፕላስቲክ ማዛወር ተማርኩ። ከዚያ የመደብ ኃላፊ፣ በመጨረሻም ፎርማን ሆንኩ፤ ጡረታ የወጣሁትም በፎርማንነት ነው። ማንጎ፣ ብርቱካን፣ ፓፓያና ግራቪሊያ በእጄ አልፈዋል። ውኃ ውስጥ የሚኖር ተክል ግን እስከዚያ ቀን ነክቼ አላውቅም ነበር።

ሰይድን የማውቀው በሐብሩ ወረዳ ገበሬዎች ኩሬ ቆፍረው ዓሣ እንዲያረቡ ሲያስተምር ነው። ወደ አቶ ሙላት ቤት የወሰደኝ እሱ ነው። በመንገድ ላይ ባጃጅ ውስጥ፣ «እትዬ የሺ፣ እኔ የማውቀው የሚዋኘውን ነው፤ የቆመውን እርስዎ ያውቃሉ» ብሎኝ ነበር።

የተንሳፈፉትን አንድ በአንድ አውጥተን እርጥብ ጨርቅ ላይ አስተኛናቸው። የበሰበሰውን ቅጠል በመቀስ ቆረጥኩ። ሥሩ ረጅምና የደከመ ስለነበር በግማሽ አሳጠርኩት። ይህ በችግኝ ጣቢያ የለመድኩት ነው፤ ያረጀ ሥር ሲቆረጥ አዲስ ያወጣል።

ጠጠሩ ስስ ነበር። ከወንዝ ደቃቅ ጠጠር አስመጥተን፣ በውኃ ብቻ አጥበን፣ አራት ጣት ያህል እንዲወፍር ጨመርንበት። ከእያንዳንዱ ተክል በታች ጥቂት የቆየ ብስባሽ የተጠቀለለበት የሸክላ አፈር፣ ከባቄላ ፍሬ የማይበልጥ፣ ቀበርኩ። ሰይድ ፍግ እንዳልጨምር ለመነኝ። ውኃውን ያበላሻል፤ ዓሣዎቹም ይሞታሉ አለ። ተውኩት።

በአንገቱ ላይ ተከራከርን። አንገት የምንለው ሥሩና ቅጠሉ የሚገናኙበትን ቦታ ነው። እኔ ችግኝ ስተክል በሁለት አውራ ጣቴ ዙሪያውን አጥብቄ መጫን ለምጃለሁ። ሰይድ ስልኩን አውጥቶ አንድ ሰው ሲተክል አሳየኝ። «አንገቱ ከተቀበረ ይበሰብሳል ይላል፤ ከጠጠሩ በላይ ይሁን።» ተክሉን ጠለቅ አድርጌ ከቀበርኩ በኋላ አንገቱ እስኪታይ ቀስ ብዬ ወደ ላይ ሳብኩት። ይህን መንገድ እስከ ዛሬ እጠቀምበታለሁ። እጄ ውኃውን እንዳያናውጠው ረጅም ወረንጦ ተጠቀምኩ፤ ሰይድ ከክሊኒክ ለምኖ ያመጣው ነው።

ውኃ መቀየሩን ያስተማሩኝ አቶ ሙላት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የአዲስ አበባ መንገድ የአውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። ቀጭን ጎማ ወደ ገንዳው ከተቱ፣ ሌላውን ጫፍ በአፋቸው ስበው ወደ ባልዲው ለቀቁት። አንዲት ጠብታ አፋቸው አልገባችም።

«ናፍጣ ስስብ የኖርኩ ሰው ነኝ» አሉ። «ይህማ ውኃ ነው።»

በዚያን ቀን ፊታቸው ሲፈታ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በሳምንቱ ስመለስ ሁሉም ተንሳፍፈዋል።

ሰይድን አስጠራሁት። ገንዳውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተና ዓሣዎቹን ከሰሰ። ወርቃማ ዓሣ ጠጠር ይቆፍራል፤ አዲስ የተተከለ ነገር ይነቅላል አለ። ዓሣዎቹን ወደ ትልቅ ሳፋ አዛወርናቸው። ወይዘሮ ደብሬ ሳፋውን ጓዳ ውስጥ አስቀመጡት፤ በየጊዜው ፍርፋሪ ይሰጧቸዋል፤ «እስረኞቼ» ይሏቸዋል።

እንደገና ተከልኩ። በዚህኛው ጊዜ ተክሎቹን በጥቁር ክር ከጠፍጣፋ ድንጋዮች ጋር አሰርኳቸው። ክሩ የላላ መሆን አለበት፤ ከጠበቀ አንገቱን ይቆርጠዋል።

በሳምንቱ ስመለስ ደግሞ ክሩ ተፈቷል፤ ተክሎቹም ላይ ናቸው።

«ዓሣ ቋጠሮ አይፈታም» አልኩ ለሰይድ።

«ወላሂ እትዬ የሺ፣ ዓሣዎቹ ካሳ ይጠይቁናል» አለ።

ወይዘሮ ደብሬ ከጓዳ ሰምተው ወጡ። «እኔን እንዳታዩኝ! ከተዝካሩ ወዲህ እጄን አላስገባሁም። ለአልጋዬ ነፍስ ብዬ ነው እንጂ ያን ጊዜም ክፋት አልነበረም።» ድምፃቸው ተሰበረ። ሰይድ ተነሥቶ ትከሻቸውን ያዘ። «ማንም አላየዎትም እናቴ» አላቸው።

ያ ሁሉ መንቀልና መትከል ተክሎቹን ጎድቷቸዋል። ቅጠላቸው እየሳሳ ሄደ፤ መስታወት የሚመስል ሆነ። በየሳምንቱ የሞተውን እያወጣሁ ስጥል ከነበሩት ሁሉ የቀረው አንድ ነው። እሱም ሦስት ቅጠል ነበረው። ትንሿ፣ መካከለኛዋ ቅጠል፣ ገና ጣት አታክልም። ለአቶ ሙላት «ይኼኛው ካልያዘ ሌላ የለም» አልኳቸው። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ተከልኩትና ሄድኩ።

ቀኔ ሐሙስ ነበር። በዚያ ሳምንት ግን ማክሰኞ ለገበያ ከመርሳ ወደ ወልድያ መጣሁ፤ ጠዋት ስለነበር በዚያው ለማየት ጎራ አልኩ። ወይዘሮ ደብሬ በሩን ከፈቱልኝ። ሳሎን ስገባ አቶ ሙላት የሸሚዛቸውን እጅጌ እስከ ትከሻ ሰብስበዋል። መነጽራቸውን አድርገው ያንን አንድ ተክል በሁለት ጣት ይዘው፣ ሥሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው ይመለከታሉ። ከክንዳቸው ውኃ ይንጠባጠባል።

ሲያዩኝ አልደነገጡም። «ሥር አውጥቷል ወይ ብዬ ነው» አሉ።

«በየጊዜው ያወጡታል?»

«ጠዋት ጠዋት። ከዚያ እንደነበረ እመልሰዋለሁ። ክሩንም መልሼ ነበር የማስረው፤ ይላላብኛል መሰለኝ።»

ወይዘሮ ደብሬ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «አንተ ሙሌ! እኔ በዓሣው ፊት ስሳቀቅ! ወይ ጉድ!»

«ተይኝ እታለም።»

«አልተውህም! ሁለት ነፍስ በሳፋ አሳስረህ!»

ችግኝ ጣቢያ ውስጥ አዲስ ሠራተኛ ሁሉ ይህን ያደርጋል። ያዛወረውን ችግኝ በማግስቱ ነቅሎ ያያል። ያን ጊዜ ለሠራተኛው የምንናገረው ነገር ነበረን፤ ስለታም ንግግር ነው። እዚህ ግን አልተናገርኩትም። ተክሉን ከእጃቸው ተቀብዬ ሳህን ውስጥ በውኃ አስቀመጥኩት።

አቶ ሙላት ወንበር ላይ ተቀመጡ። እጅጌያቸውን አልመለሱም።

«ሾፌር ወርዶ ጎማውን ሳይመታ አይነሣም» አሉ። «ረዳቱ ‘ደህና ነው’ ቢል እንኳ አይነሣም። ልማዴ ነው፤ በእጄ ያልነካሁትን አላምንም።» እርጥብ ክንዳቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «ሐኪም ቤት ሳለች ‘ደህና ናት፣ ይሂዱና ይረፉ’ አሉኝ። አምኜ መጣሁ። በጠዋት ስመለስ አልጋው ባዶ ነበር።»

ወይዘሮ ደብሬ ወደ ጓዳ ተመለሱ።

የተክሉን ሥር አየሁት። ወደ ጫፉ ነጭ፣ ከክር የቀጠነ አዲስ ሥር ነበረው፤ ሆኖም ተሰብሯል። ለመያዝ ጀምሮ ነበር ማለት ነው። ይህን አልነገርኳቸውም። ወረንጦውን አንሥቼ ተክሉን መለስኩት። ቀብሬ፣ አንገቱ እስኪታይ ሳብኩት፤ ጠጠሩን መለስኩበት።

ከዚያ «ማርከር አለ?» አልኩ።

የወይዘሮ አልጋነሽ የማስተማሪያ ማርከር መሳቢያ ውስጥ ተገኘ። አቶ ሙላትን ገንዳው ፊት አቆምኳቸው። የትንሿን ቅጠል ጫፍ አሳየኋቸውና በዚያ ልክ መስታወቱ ላይ በውጭ በኩል አጭር መስመር አሰመርኩላቸው።

«ጎማዎ ይኼ ነው» አልኳቸው። «ቅጠሏ ከመስመሩ ካለፈች ሥሩ ይዟል ማለት ነው። ሥር ሳይኖር አዲስ ቅጠል አያድግም። እጅዎን አያስገቡ፤ በዓይንዎ ብቻ ይዩ።»

«ባታልፍስ?»

«ያን ጊዜ እኔ እነግርዎታለሁ።»

«‘ደህና ነው’ አይሉኝም?»

«አልልዎትም።»

ሐሙስ ስመጣ ወንድምና እህት ተኳርፈዋል። ወይዘሮ ደብሬ መስታወቱን ሲወለውሉ መስመሩን አጥፍተውታል።

«ቆሻሻ መስሎኝ ነው» አሉኝ። «መስታወት ላይ ጥቁር ነገር አይቼ ልለፈው?»

«በልብስ ሳሙና አለመሆኑን ያመስግኑ» አሉ አቶ ሙላት ከወንበራቸው።

«በሎሚ ነው ያጠፋሁት፤ ጽዱ አድርጌ።»

መስመሩን ዳግመኛ አሰመርኩ። ወይዘሮ ደብሬን አስጠርቼ የቅጠሏን ጫፍ እሳቸውም እንዲያዩ አደረግኩ። ጎንበስ ብለው ቆዩ። «ይህቺን ነው? ይህቺን ትንሿን?» አሉ። ከዚያ በኋላ መስታወቱን ሲወለውሉ በመስመሩ ዙሪያ ነው የሚዞሩት። ጨርቁን በጣታቸው ጫፍ ይዘው ሲሠሩ አይቻቸዋለሁ።

ለጥቂት ሳምንታት ምንም አልታየም። አንዱ የውጭ ቅጠል ቢጫ ሆነ፤ ቆረጥኩት። መብራት ብዙ ጊዜ ይጠፋ ስለነበር ገንዳውን ወደ መስኮቱ አስጠጋነው፤ ፀሐይ ግን በቀጥታ እንዳይመታው ስስ መጋረጃ አደረግንበት። ውኃ ስቀይር ከላይ ብቻ ቀነስኩ፤ ጎማውን ወደ ጠጠሩ አላወረድኩም። ከቧንቧ የተቀዳውን ውኃ በባልዲ አሳድረን ነው የምንጨምረው። አቶ ሙላት ወንበራቸውን ገንዳው ፊት አድርገው፣ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው መካከል ቆልፈው ይቀመጣሉ። ጠጠሩ አረንጓዴ መሆን ሲጀምር ወይዘሮ ደብሬ አዩት፤ አላጠቡትም።

አንድ ቀን በስልክ ጠሩኝ። የደወሉት አቶ ሙላት ናቸው። «ሐሙስን መጠበቅ አልቻልኩም» አሉ። «መስመሩን አልፋለች። ደብሬም አይታለች። ልንካው እንዴ?»

«አይንኩት።»

«እሺ።» ስልኩን አልዘጉትም። ወይዘሮ ደብሬ ከኋላ፣ «ዓሣዎቹስ መቼ ይፈቱ በላት!» ሲሉ ተሰማኝ።

ዓሣዎቹ የተመለሱት ቆይቶ ነው። ሰይድ ነው መልሶ የለቀቃቸው፤ ይቅርታም ጠይቋቸዋል።

ይህ ቤት ለእኔ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ የጥርስ ሐኪም፣ አንድ ኬክ ቤትና አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ገንዳቸውን እንድይዝላቸው ጠርተውኛል። ወደ አዲስ ቤት ስገባ ስለ ውኃውና ስለ ዓሣው ከመጠየቄ በፊት «እጁን የሚያስገባው ማነው?» እላለሁ። ብዙውን ጊዜ ሰው ሁሉ አንዱን ያያል። አንዳንዱ ለማጽዳት፣ አንዳንዱ ለማስተካከል፣ አንዳንዱ ለማየት ነው። ሁሉም ስለሚወደው ነው የሚያስገባው። ማርከር ሁልጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ አለ።

የወይዘሮ አልጋነሽ ሙት ዓመት ሲደርስ ወይዘሮ ደብሬ ጠሩኝ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። ሳሎኑ በሰው ተሞልቷል፤ ወለሉ፣ ግድግዳው፣ መስኮቱ ታጥቧል። ገንዳው በነጭ የአልጋ ልብስ ተሸፍኗል።

አንዲት እንግዳ ሴት፣ «ይህ የተሸፈነው ምንድነው? ቴሌቪዥን ነው?» አለች።

«የአልጋነሽ ነው» አሉ ወይዘሮ ደብሬ። «አይነካም።»

«ልየው እንጂ።»

«በዓይንሽ እይ፤ እጅሽን ግን ሰብስቢ።» ጨርቁን ከአንድ ጥግ ገለጡላት። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ አየችና፣ «ጠጠሩ አረንጓዴ ሆኗል እኮ» አለች።

«አውቃለሁ» አሉ ወይዘሮ ደብሬ።

ሴትዮዋ ወደ ድንኳኑ ስትወጣ እኔ ቀረብኩ። መስታወቱ ላይ አቶ ሙላት በየጊዜው ያሰመሯቸው ብዙ መስመሮች ነበሩ፤ አንዱ ከአንዱ በላይ። ቅጠሎቹ ውኃው አናት ደርሰው ወደ ጎን ተኝተዋል። ከድንጋዩ ጀርባ፣ እኔ ምንም ባልተከልኩበት ቦታ፣ ከእናት ተክሉ በቀጭን ሐረግ የተያያዘ አንድ ትንሽ ቡቃያ ወጥቷል። ከእሱም ወዲያ ሌላ ሐረግ ወደ ጠጠሩ ገብቷል።

አቶ ሙላት አጠገቤ መጥተው ቆሙ። እጆቻቸውን ወደ ኋላ አጣምረዋል።

«አዩት?» አሉኝ።

«አየሁት።»

«ደህና ነው?»

ገንዳውን እንደገና አየሁት። «ይዟል» አልኩ።

ለሙያ ባልደረቦቼ የማስቀረው ይህን ነው። ተክል ሥር መያዙን ለማወቅ አይነቀልም። አዲስ ቅጠል ይጠበቃል። የሚጠብቀው ሰው ደግሞ እጁ ሥራ እንዲያገኝ አንድ ነገር ይሰጠዋል።

ጨርቁን መለስኩ። ወደ በሩ ሄጄ ጫማዬን አደረግኩና ወጣሁ።